ጓሳ ሲዘጋ

ባለፈው በጋ ጅብ የበጎቹን ጋጣ እየዞረ ነው ብለው አባቴ ሲነግሩኝ፣ ኡቡንቱ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና የጫንኩባትን አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ መንዝ ውስጥ ጓሳ ከሚባለው ሜዳ ጥግ ወዳለው ቤታቸው ወጣሁ። ዌብካሟን ወደ ጋጣው አዙሬ፣ ደጅ አምፖል አብርቼ፣ ሞሽን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ሞሽን እያንዳንዱን ምስል ከቀደመው ጋር እያስተያየ የተለወጡትን ነጥቦች ይቆጥራል፤ ከተቀመጠለት ልክ ሲያልፉ ይቀርጻል። ካልቀየሩት ልኩ 1500 ነጥብ ነው።

ጠዋት ስከፍተው ከሁለት መቶ በላይ ቪዲዮ ጠበቀኝ። ጅብ የለም። ከጋጣው ጀርባ ያለው የጓሳ ሣር ነው፤ ነፋስ ባስተኛው ቁጥር ተቀርጿል።

«ሣሩን ተወው ብለህ አትነግረውም?» አሉ አባቴ።

ይነገረዋል። የማይፈለገውን ቦታ በጥቁር የሸፈነ ፋይል ከተሰጠው ያንን አያይም። ፋይሉን እየሠራሁ አባቴ የቄሮን ነገር አነሱ፤ እኔም ሥራዬን አቆምኩ።

ቄሮ የመንዝ አባቶች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጓሳ ያቆሙት የጥበቃ ሥርዓት ነው። ከ3200 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ብርዳም አገር ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ የዝናብ ገሳ ነው። መሬቱ አጽመ ርስት ስለነበር መብቱ ከሁለቱ አቅኚዎች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ የዘር ሐረግ ለሚቆጥሩ ነበር። እነሱ የመረጧቸው አለቆች ጓሳን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ማጨድ የለ፣ ማገዶ የለ፣ ግጦሽ የለ። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት ነበር፤ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5፣ መልሶ ይዘጋ ነበር። የደፈረ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር። ቅጣቱ ይከብደኛል፤ ግን ያ ሣር ባይኖር ያ ቤት በምን ይከደን ነበር?

እኔን የገረመኝ በተራ የሚወጣው ዘብ ነው። አያቴ ተራቸው ሲደርስ በዚያ ሜዳ ቀኑን ሙሉ የሚነቃነቅ ነገር ሲያዩ ይውሉ ነበር፦ ሣሩ፣ አይጡ፣ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ፣ የጭላዳው መንጋ። አንዱንም አይቆጥሩትም ነበር። በዝግ ዓመት የሚቆጠረው ማጭድ የያዘ ሰውና ከብት የሚነዳ ሰው ነበር፤ በክፍት ወራት ደግሞ ያው ሰው በሰላም ያልፍ ነበር። እኔ በጥቁር ቀለም የሸፈንኩትን እነ አያቴ በቀን መቁጠሪያ ሸፍነውት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ፤ ቄሮም የቆመበት መሠረት ከሥሩ ተነሳ። በአንጻሩ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ጎረቤት ጓሳን የመጠቀም መብት አገኘ፤ ይህን አባቴ ሁልጊዜ በጎ ነገር ነበር ይላሉ። ዛሬ ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የክልሉን የሕግ ከለላ አግኝቷል፤ ኮሚቴና ጠባቂዎችም አሉት። በዓለም ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ከፊሉ እዚሁ ይኖራል።

ፋይሉን ጨርሼ፣ ልኩን ወደ 4000 ከፍ አድርጌ ተኛሁ። በማግስቱ አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላ ይዘው ጋጣውን ይዞራሉ። ከዚያ ይቆማሉ፤ በጥቁር ወደሸፈንኩት ወደ ሣሩ ረጅም ጊዜ ያያሉ።

«ምን ነበር?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ጅቡ ነዋ፤ አይቶኝ ተመለሰ።»