በአሮጌ ሽጉጥ ላይ የሚነበብ ታሪክ

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የተሰጠ መሆኑ የታወቀው በራሱ በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። ብራና የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዋናው ንባብ ይልቅ በኅዳግ የሰፈረው ጥቂት ቃል የሚጠቅማቸው ጊዜ አለ። አሮጌ የጦር ሽጉጥም እንዲሁ ኅዳግ አለው፤ ይኸውም በብረቱ ላይ የታተመው ፊደል፥ ቍጥርና ማኅተም ነው።

ሽጉጥ የሚለው ስም ሸጐጠ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መሣሪያው በመታጠቂያ እንደሚሸጐጥ ሁሉ ታሪኩም በየሣጥኑ ተሸጕጦ ይኖራል። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአምባሰል በስተ ምዕራብ በመቅደላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደ ነበረ የታወቀው፥ የሰጪዋና የተቀባዩ ስም ተቀርጾበት ስለ ነበረ ነው።

በአምባሰል ውስጥ ባለችው በውጫሌም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው 17ኛውን አንቀጽ ነው፤ በአማርኛው አንድ፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ነበርና። ስለ ጦር መሣሪያ የሚናገረውን 6ኛውን አንቀጽ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ይህ አንቀጽ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚመጣ መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የፈቀደ ነበር። በዚያው ዓመት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889፥ ኢጣልያ ቦዴዮ የተባለውን ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ ለሠራዊቷ አወጣች። የወታደሩ ዐይነት አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን፥ ቃታው ታጣፊ ነው፤ የቃታ መከለያም የለውም። የመኰንኑ አፈሙዙ ክብ ሲሆን መከለያ አለው። ስለዚህ የያዘው ሰው ማዕርግ ምን እንደ ነበረ ከቅርጹ ብቻ መገመት ይቻላል።

የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ ሥራ የሆነውም በማኅተሙ ይለያል። ተፈትኖ ያለፈ መሣሪያ በሞላላ ክብ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት ይታተሙበታል። በፊደላቱ ላይ ዘውድ ከተጨመረ ከ1893 ወዲህ፥ በእኛ ከ1885 ገደማ በኋላ የተፈተነ ነው። ዘውድ ከሌለው ከዚያ ይቀድማል። አንዲት ትንሽ ዘውድ የሽማግሌዎችን ክርክር ትቈርጣለች ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በዓመቱ ላይ ነው። ባለቤቱ «አያቴ ከዓድዋ ያመጡት ነው» ብሎ ቤሬታ ሽጉጥ ቢያሳይ፥ በጐኑ 1936 የሚል ቍጥርና በሮማውያን አኃዝ ዐሥራ አራት የሚል ምልክት ይገኝበት ይሆናል። ቍጥሩን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ የተሠራ ይመስለዋል፤ እርሱም ስሕተት ነው። ዓመቱ የአውሮፓ ነው፤ በእኛ 1928 ወይም 1929 መሆኑ ነው። የሮማው አኃዝም የፋሺስቶች 14ኛ ዓመት ነው። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ከዓድዋ ሊመጣ አይችልም፤ ወራሪው ራሱ ይዞት የገባ፥ ምናልባትም ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ በወጣችበት ሰሞን የተማረከ ነው። ይህም ቢሆን አያትየውን አያሳንሳቸውም፤ ጀግንነታቸው የሌላ ዘመን ሆነ እንጂ አልጠፋም።

የሚያሳዝነው ብረቱን ለማሳመር ሲባል በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት መፋቁ ነው። ዝገቱ ሲለቅ ማኅተሙም አብሮ ይለቃል። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩ፥ ዐዋቂ ሰው ጥይት ያልጐረሰ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ግድ ነው። ያረጀ መሣሪያ ሁሉ ባዶ አይደለም። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድም በ2012 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1177 የተወሰነ ስለ ሆነ፥ «ቅርስ ነው» ማለት ብቻውን ከሕግ አያድንም።

በየክፍሉ የታተሙትንም ቍጥሮች ማስተያየት ያስፈልጋል። የማይገጥሙ ከሆነ ሽጉጡ ከሁለት ወይም ከሦስት መሣሪያ የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ፥ በአንዱ ወገን የባለቤቱን ቃል፥ በሌላው ወገን ከብረቱ የተነበበውን እንዳለ መጻፍ ነው። ሁለቱ ባይስማሙም አንዱን በሌላው አለማረም ይገባል።