የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጦር ማዕረጎችና ምልክቶች

በዘውዱ የመጨረሻ አስርት ዓመታት የኢትዮጵያ ጦር በሁለት የማዕረግ ሥርዓቶች ይጠራ ነበር። አንደኛው ከጥንት የወረደው፣ በሰልፍ ስፍራ፣ በግዛትና በንጉሥ ሞገስ የሚለካው ነው። ሁለተኛው ከ20ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የመጣው፣ በትምህርት ቤትና በደመወዝ የቆመው ነው። ዋናው ልዩነታቸው ወታደሩ የማን ሰው ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ነበር።

በቀድሞው ሥርዓት ፊታውራሪ የግንባሩን ጦር፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ይመራል። ከእነሱ በላይ ደጃዝማች፣ ከደጃዝማች በላይ ራስ አለ፤ ባላምባራስ ከግራዝማች በታች ይቆማል። ይሁንና በምኒልክ ዘመን ማዕረጉ በአብዛኛው የሹመት ደረጃ እየሆነ፣ የሰልፍ ስፍራ መሆኑ እየቀረ ሄደ። ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በውጊያ መካከል ሲወድቁ ስሙና ሥራው ገና አንድ ነበሩ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ግን ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ብዙ ራሶች የማይደርሱበት ሥልጣን ይዘው ሳለ፣ መጠሪያቸው ያው ፊታውራሪ ነበር። የቀድሞውን ማዕረግ እንደ ዛሬው መሰላል ቆጥሮ ሥልጣንን ከስም ብቻ ለማንበብ የሚሞክር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የዚያ ዘመን ምልክት ትከሻ ላይ የሚሰፋ አልነበረም። ሹሙ የሚለየው በለምዱ፣ በብር በተለበጠ ጋሻው፣ በጎራዴውና በበቅሎው ዕቃ ነው። ራስና ደጃዝማች ነጋሪት እያስመቱ ይጓዙ ስለነበር ማዕረጋቸው ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። ሌላው ምልክት ከሹመት ጋር የማይገናኝ፣ በግል ጀግንነት የሚገኝ ነው፤ አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል፣ ዝሆን የጣለ የወርቅ ጉትቻ ያደርጋል። በዚህ ላይ የፈረስ ስም ይጨመራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው።

የሥርዓቱ ድክመት የነበረው በአበሉ ላይ ነው። ሹሙ ጦሩን የሚያቆመው ከተሰጠው ግዛት በሚያገኘው ግብር ስለሆነ ወታደሩ በቅድሚያ የጌታው ሰው ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወር በሰሜን ግንባር ራስ ካሣ፣ ራስ ሥዩም፣ ራስ እምሩና ራስ ሙሉጌታ እያንዳንዳቸው ጦራቸውን ይዘው ተሰለፉ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ የሚያንቀሳቅስ የዕዝ ሰንሰለት ግን አልነበረም።

አዲሱ ሥርዓት ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር። ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ያቋቋሙትን ክቡር ዘበኛ የቤልጂግ መኮንኖች አሠለጠኑት፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች ተከፈተ። ከነጻነት በኋላ እንግሊዞች፣ ቀጥሎም አሜሪካኖች ጦሩን በማደራጀት ተሳተፉ፤ የሐረር ጦር አካዳሚን ያስጀመሩት ሕንዶች ናቸው። ማዕረጉ ከተራ ወታደር ተነሥቶ በምክትል አስር አለቃ፣ በአስር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃና በባሻ አልፎ ወደ መኮንኖቹ ይደርሳል፤ እነሱም ምክትል የመቶ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ ሻምበልና ሻለቃ ናቸው። ከሻለቃ በላይ ሌተና ኮሎኔል፣ ኮሎኔልና የጄኔራል ደረጃዎች ይከተላሉ። የአማርኛዎቹ ስሞች ነባር ሲሆኑ ቁጥራቸው ቃል በቃል አይወሰድም፤ የመቶ አለቃው የሚያዘው ክፍል ከመቶ ሰው በጣም ያነሰ ነው። የበታች ሹማምንት ምልክት በክንድ ላይ የተሰፋ ጥለት፣ የመኮንኖች ደግሞ በትከሻ ላይ የሚደረግ ነበር። የላይኛው ማዕረግ ፊልድ ማርሻል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዚህን ማዕረግ ልብስ ለብሰው ሲታዩ ባርኔጣቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር ነበር።

አሮጌው ማዕረግ ግን አልጠፋም። በወረራው ዋዜማ ባላምባራስ የነበሩት አበበ አረጋይ በአርበኝነት ራስ ሆኑ፤ ኋላም መከላከያ ሚኒስትር ሆነው በጄኔራሎች ላይ አዘዙ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ከተገደሉት አንዱ ራስ አበበ ነበሩ።

ሰኔ 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ደርግ፣ አባላቱን ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ካሉት መረጠ። ጄኔራሎችና ኮሎኔሎች ከዘውዱ ጋር የቀረበ ግንኙነት ስላላቸው አይታመኑም ተብሎ ነበር። መጋቢት 1967 ዓ.ም. ንጉሣዊው አገዛዝ ሲሻር ራስ፣ ደጃዝማችና ፊታውራሪን የመሰሉት ማዕረጎችም አብረው ተሻሩ፤ ዘውዱም ከጦሩ ምልክቶች ተነሣ። ከአስር አለቃ እስከ ጄኔራል ያሉት ግን እንዳሉ ቀጠሉ፤ የዛሬው መከላከያ ሠራዊትም ይጠራባቸዋል።