የአእምሮ ሕመምና የበጀት ስብሰባ፦ ከአማኑኤል እስከ መካነ ኢየሱስ

በእስቴም ሆነ በስማዳና በጋይንት ሕዝብ ተሰብስቦ «በመጪው ዓመት ምን ይሠራላችሁ?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። መንገዱ በክረምት ይቆረጣል፣ ውኃው ርቋል፣ መብራት የለም፣ ወላድ የሚያደርስ አምቡላንስ ጠፍቷል። ሁሉም እውነት ነው። በዚያው ስብሰባ መሀል ግን ልጁን ቤት ቆልፎበት የመጣ አባት፣ ወንድሟን ጠበል አድርሳ የተመለሰች እህት፣ ባሏ ከአረቄ ቤት የማይወጣ ሚስት አይጠፉም። እነሱ እጃቸውን አያወጡም። «ቤቴ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ አለ» ብሎ በአገር ፊት መናገር የታናሽ እህትን ትዳር ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይገባ ስብሰባው ይበተናል። ቃለ ጉባኤ ላይ ያልገባ ነገር ደግሞ በጀት ሲመደብ የሚያስታውሰው የለም።

ነገሩ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አልተጀመረም። ረጅም ታሪክ አለው።

ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት የአእምሮ ሕመም ወጪ ሙሉ በሙሉ የቤተሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ወራት የሰነበተው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ የተባሉ ባለ ዛር ቤት እየዋለ ያየውን ጽፏል። ዶሮው፣ በጉ፣ ቡናው፣ ሽቶው፣ ሁሉም ከታማሚው ቤት ነበር የሚመጣው። ጠበል የሄደውም ቢሆን ስንቁን ይዞ፣ አስታማሚውን አስከትሎ ነበር። መንግሥት በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልነበረም፤ ይገባል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ከዚያ አማኑኤል መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ለእስቴ ገበሬ ይህ ማለት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ያውም የሚታወከውን ሰው አስሮ፣ ከሾፌር ጋር ተለማምጦ፣ በማያውቁት ከተማ ማደሪያ ፈልጎ። ብዙው ሰው አማኑኤልን ያወቀው በሕክምናው ሳይሆን በስድብ ነው። የሆስፒታሉ ስም የሰው መዝለፊያ ሆነ። መንግሥት የመደበው ገንዘብ አንድ ግቢ ውስጥ ታጥሮ ሲቀር፣ ሕመሙም በሰው አእምሮ ውስጥ እንደዚያው ታጠረ።

ወደ 1980 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ አማኑኤል ላይ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑም ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተላኩ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊቲ ትምህርቱ ተከፈተ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም እየተመላለሱ አገዙ። እስከዚያ ድረስ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ውጭ አገር የተማሩ። የእነዚህ ሰዎች ድካም ሊመሰገን ይገባል። ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎችን የመረመሩትም የእነሱ ባልደረቦች ናቸው። ጥናቱ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳየ። የቡታጅራው ቁጥር በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ውስጥም ገባ፦ በዚያ ገጠር ከጠቅላላው የበሽታ ጫና 11 በመቶው የአእምሮ ሕመም ነበር። ቁጥሩ ግን በሽተኛው ስንት እንደሆነ ነው የሚናገረው። በሽተኛውና ቤተሰቡ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ለመስማት ገና ብዙ ዓመት ይቀር ነበር።

በዚያው በ1995 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ነገሮችም ሆኑ። አማራን ጨምሮ በአራት ትልልቅ ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት ተቀብለው ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም 16 ፓኬጆችን ይዞ ወደ ቀበሌ ወረደ። ሽንት ቤት አለበት፣ ክትባት አለበት፣ ወባ፣ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ አለበት። የአእምሮ ጤና ግን የለበትም፤ የገባው በኋላ ፓኬጆቹ ሲከለሱ ነው። ገንዘቡ ወደ ወረዳ በወረደበት ሰዓት የአእምሮ ሕመም ከዝርዝሩ ውጭ ነበር ማለት ነው። የወረዳ በጀት ደግሞ ደመወዝ ከተከፈለበት በኋላ ብዙም አይተርፈውም፤ በተረፈችው ላይ የሚሻማው ድምፅ ያለው ነው።

ድምፅ ምን እንደሚሠራ ለማየት ኤች አይ ቪን ማስታወስ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያ በሽታ ከማንኛውም ሕመም የበለጠ የሚያሳፍር ነበር። ቤት አከራይ ያባርር ነበር፤ ለቀብር እንኳ ሰው ይሸሽ ነበር። ያኔ መቅድምና ተስፋ ጎህ የሚባሉ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ስማቸውንና ፊታቸውን ይዘው ሕዝብ ፊት ቆሙ፣ መድኃኒት ይግባልን አሉ። በእርግጥ የዓለም ገንዘብም አብሮ መጣ፤ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ቢሆንም በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር፣ ጠያቂውና ተቀባዩ ባለቤቱ ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በኮሚቴው ውስጥ የታማሚዎች ወንበር የተለመደ ሆነ። የአእምሮ ሕመም ይህን ወንበር አላገኘም። የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች ማኅበር የመጣው ዘግይቶ ነው፣ መቀመጫውም አዲስ አበባ ነው።

ለምን እንደዘገየ በከፊል የሚያስረዳ ጥናት በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፦ ታማሚዎችና አስታማሚዎች በጤና ሥርዓቱ እቅድና ክትትል ውስጥ ይሳተፋሉ ወይ? የተገኘው መልስ እንደማይሳተፉ፣ ጉዳዩም ለባለሥልጣኑም ለታማሚውም አዲስ ሐሳብ እንደሆነ ነበር። ድህነቱና መገለሉ ታማሚውን ወደ ስብሰባ አያመጡትም። ቢመጣም የሚሰማው አለ ብሎ አያምንም።

የገጠር ሰው በገንዘብ ጉዳይ ተጠይቆ መወሰን ያቅተዋል የሚል ካለ ከእስቴ ብዙም ሳይርቅ ፎገራን ይመልከት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ፎገራ ነበረች። ሰው በየቀበሌው ተሰብስቦ እንግባ አንግባ ብሎ ተከራከረ፣ መዋጮውን ከፈለ፣ መድኃኒት ሲጠፋ «ብሬን ምን በላው?» ብሎ የመጠየቅ መብትም ገዛ። ጥሩ ትምህርት ነው። ነገር ግን የመድን ደብተር የሚያሳክመው ሕክምናው ባለበት ነው። የአእምሮ ነርስ ወይም መድኃኒት ከአቅራቢያ ሲጠፋ ታማሚው ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል፤ መሳፈሪያውና ማደሪያው ደግሞ የአስታማሚው ዕዳ ነው። ክትትሉ ለዓመታት የሚቀጥል ስለሆነ በየወሩ ጥጃ እየሸጠ የሚመላለስ ሰው የለም።

የሱስ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ዝምታ አለበት። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አወረደ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1186 በመጠጥና በትምባሆ ላይ የኤክሳይስ ታክስ ጨመረ። ያኔ አገር የተንጫጫው በመኪና ዋጋ ነበር። ከመጠጡ የሚሰበሰበው ብር ምን ላይ ይዋል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ገንዘቡ ከሌላው ግብር ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአልኮልና በትምባሆ ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጥላ ለጤና ማበልጸጊያ ፈንድ ታውላለች። እዚህ ግን ከመጠጥ ከተገኘው ብር ለሱሰኛው ተለይቶ የተቀመጠለት የለም። ከየጓዳው የሚወጣው የዳጉሳ አረቄ ደግሞ ከግብሩም ከክርክሩም ውጭ ነው። ለብዙ ሴቶች የልጆች ማሳደጊያቸው እሱ ስለሆነ፣ ስለ አረቄ ሕግ ሲወራ መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸውም እነሱ ነበሩ።

ጦርነቱ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ከከተማዋ 16 ሴቶችን አነጋግሯል፤ 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናግረዋል። የጤና ተቋማቱም ተዘርፈው ስለነበር ሕክምናው በሚያስፈልግበት ሰዓት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በክልሉ አዲስ ጦርነት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ስብሰባም ተገደበ። ሁለተኛው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ከ2013 እስከ 2017 የተባለለት ዘመን ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ያለፈው እንዲህ ነው።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ አዳራሽ ውስጥ ተነሥታ «ለእኔ ይመደብልኝ» ትላለች ብሎ የሚጠብቅ አገሩን አያውቅም። ስለዚህ «ሕዝቡ አልጠየቀም» የሚለው የተለመደ የባለሥልጣን መልስ ተቀባይነት የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተቆለፈው ቤት የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ጠበል ቦታ ያለው አጥማቂ ስንት ሰው በሰንሰለት እንደመጣ ያውቃል። የንስሐ አባትም ያውቃሉ። ስም ሳይጠራ፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ በየቤቱና በየጠበሉ ተጠይቆ የሚመጣ መልስ አለ፤ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ወረዳ ምክር ቤት ላይ ሊነበብ ይችላል። የሚጠይቀውም ብዙ ላይሆን ይችላል፦ ከቦታዋ የማትነሣ አንዲት የአእምሮ ነርስ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት፣ ለአስታማሚ መሳፈሪያ።