መርፌና አመኔታ፦ ከጎጃም ታሪክ

በኮቪድ-19 ዘመን «ተማሪዎች ካልተከተቡ ትምህርት ቤት አይግቡ» የሚለው ክርክር ዓለምን አነጋግሯል። ለጎጃም ደጋ ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር ባላገሩ የራሱ ክትባት ነበረው፤ ከታማሚው ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛው ቆዳ ላይ ይከተብ ነበር። ይህ ልማድ ብዙዎችን ቢያተርፍም በሽታውን አዛምቷል። አዲሱን መርፌ እምቢ ያሉትንም መሃይም ብሎ ማለፍ ይቀናል። ይሁንና በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ ጎጃም ዐምፆ ጦር ዘምቶበት ነበር። ትናንት በጠመንጃ የመጣ መንግሥት ዛሬ መድኃኒት ይዞ ቢመጣ በቀላሉ ይታመናልን? ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ ከጅምላ ክትባት ይልቅ ታማሚን በየጎጡ ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ድሉን አምጥቷል። እንግዲህ ሕፃናትን በሕግ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሕጉ የሚጸናው ግን መንግሥት አስቀድሞ የወላጅን አመኔታ ሲያገኝ ነው።