ቀለምና ድምፅ፦ የአንድ ክርክር ታሪክ

ድምፅን ጆሮ፣ ቀለምን ዓይን ይለየዋል። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ሕግ ለማስተሳሰር የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተሰኘው መጽሐፉ የብርሃንን ቀለማት በሰባት ከፍሎ ከሰባቱ የሙዚቃ ድምፆች ጋር አነጻጸራቸው። በ1725 ደግሞ ፈረንሳዊው ቄስ ሉዊ ቤርትራን ካስቴል ቁልፎቹ ሲነኩ ቀለማትን የሚያሳይ የሙዚቃ መሣሪያ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ።

በ1907 ሦስት ታላላቅ የሩሲያ የሙዚቃ ደራስያን፣ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ፣ ስክሪያቢንና ራክማኒኖቭ፣ በፓሪስ ተገናኝተው በዚሁ ጉዳይ ተከራከሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዱ ቅኝት የራሱ ቀለም እንዳለው ያምኑ ነበር፤ ቀለሙን በመለየት ረገድ ግን ተለያዩ። ዶ ሜጀር ለሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነጭ፣ ለስክሪያቢን ቀይ ነበር። ሬ ሜጀር ቢጫ መሆኑን ግን ሁለቱም ተቀበሉ። ራክማኒኖቭ ሐሳቡን ከነጭራሹ ባለመቀበሉ፣ «ስስታሙ ባላባት» በተባለው በራሱ ኦፔራ ውስጥ የወርቅ ሣጥኖች የሚከፈቱበት ትዕይንት በሬ ሜጀር መደረሱን አስታወሱት። ሳያውቀው የካደውን ሕግ ተከትሏል ማለታቸው ነበር።

ይሁንና በአንድ ቅኝት መስማማት የሌሎቹን ልዩነት አይሽረውም። ስክሪያቢን ዶን ቀይ፣ ሶልን ብርቱካናማ፣ ሬን ቢጫ፣ ላን አረንጓዴ ያለው የቀስተ ደመናን ቅደም ተከተል ጠብቆ ነው። ይህም ከስሜቱ ጋር ትምህርትና ሥርዓት መቀላቀሉን ያመለክታል።

ስክሪያቢን እምነቱን በተግባር ለማሳየት በ1910 በፈጸመው «ፕሮሜቴዎስ» ውስጥ ለብርሃን ራሱን የቻለ ኖታ ጻፈ። ሥራው በ1911 በሞስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ብርሃኑ አልነበረም። በመጋቢት 1915 በኒው ዮርክ ከቀለማት ጋር ሲቀርብ ደራሲው በስፍራው አልተገኘም፤ በተከታዩ ወር አረፈ።

የሥነ ልቦና ጥናት እንደሚያሳየው ብዙ ሰዎች ቀጭን ድምፅን ከብሩህ፣ ወፍራም ድምፅን ከጠቆረ ቀለም ጋር ያዛምዳሉ። ከዚህ አልፎ ቅኝትን ከአንድ የተወሰነ ቀለም ጋር ማዛመድ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በመሆኑም የኪነ ጥበብ ሰው በውስጡ የሚያየው ቀለም ለአድማጩ በራሱ አይገለጥለትም። ስክሪያቢን ብርሃኑን በኖታ ማስፈሩ፣ የአንድ ሰው ስሜት የብዙኃን ሀብት የሚሆነው በሥራ ሲገለጥ ብቻ መሆኑን ያስረዳል።