የካራማራው ዓይን



በካልገሪ ከተማ፣ ራንድል በተባለው ሰፈራችን የሚኖር አንድ ወገናችን በመኪናው መስተዋት ላይ ትንሽ መሣሪያ ለጥፏል። የፖሊስ ራዳር ገና ከሩቅ ሳለ መሣሪያው ይጮኻል፤ እርሱም ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአልበርታ ሕግ ይህን አይከለክልም። «ራዳሩ እኔን ሳያየኝ ይህ እንዴት ቀድሞ ያውቃል?» ሲል አንድ ምሽት ጠየቀኝ። መልሱ ከራንድል ተነሥቶ ጅጅጋ ድረስ ይወስደናል።

ራዳር የገደል ማሚቶ ነው። የራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ጊዜውን ይለካል። ሞገዱ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ አውሮፕላኑ 150 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፤ ግማሹ መሄጃ፣ ግማሹ መመለሻ ነውና። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዋትሰን ዋት በ1935 እ.ኤ.አ. በራዲዮ ሞገድ አውሮፕላን መለየት እንደሚቻል አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ራዳር ሁለት ድካም አለበት። አንደኛ፣ የሚያይ ይታያል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ አውሮፕላኑ የሚደርሰው ሞገድ ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል፤ ወደ ራዳሩ የሚመለሰው ማሚቶ ግን ወደ 16ኛ እጅ ይመነምናል። ስለዚህ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥ ከሚጮኸው ቀድሞ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሞገዱ ተራራ ዘልቆ አያይም፤ ዝቅ ብሎ የሚበርም ከምድር ጉብታ ሥር ይሰወርበታል። ራዳር በከፍታ ላይ የሚተከለው ስለዚህ ነው።

ከጅጅጋ በስተምዕራብ ባለው የካራማራ ተራራ ላይ አሜሪካ ሠራሽ ራዳር የተተከለውም በዚሁ ምክንያት ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሲወርረን የኤፍ 5 አብራሪዎቻችን የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ አወረዱ። አብራሪው ለገሰ ተፈራ በዚያ ጦርነት ተማርኮ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቋል። አብራሪዎቻችንን በስማቸው እናነሣለን፤ ከተራራው ላይ ሆነው ሰማዩን ይጠብቁ የነበሩትን የራዳር ባለሙያዎች ግን ማን ያነሣቸዋል?

ዓይን የሚጠፋው በጠላት ጥይት ብቻ አይደለም። አሜሪካ በየካቲት 1969 ዓ.ም. የሰብአዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋ የጦር ዕርዳታዋን አቋረጠች፤ ደርግም በሚያዝያ ወር አማካሪዎቿን አባረረ። ወራሪው በር ላይ በቆመበት በዚያው ዓመት፣ አገዛዙ የተማረውን ወጣት በየአደባባዩ ይረሽን ነበር። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋም ካራማራም ከእጃችን ወጡ።

ድሉ የመጣው በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር የተራራውን በር ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በስተሰሜን ዞሮ፣ ከፊሉም በሄሊኮፕተር ተሻግሮ ከጀርባ ወረደ። አንድ አቅጣጫ ብቻ ያየ ጠላት ባላየው በኩል ተመታ።

ከዚያስ? በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ከነባለሙያዎቹ ተበተነ። በ1990 ዓ.ም. የባድማ ጦርነት ሲለኮስ ግን ከተበተኑት አብራሪዎች መካከል ተፈልገው የተጠሩ ነበሩ። ራዳር በገንዘብ ይገዛል፤ ማሚቶውን ከነፋስ ድምፅ የሚለይ ሰው ግን በዘመናት ይሠራል። አገዛዝ በተለወጠ ቁጥር ዓይኗን የምታወጣ አገር፣ ጠላት ደጃፏ ሲደርስ በዳበሳ ትፈልገዋለች።

ቸር ይግጠመን።