የጠላት መርከበኛና የእኛ ስም አልባዎች

ከባሕር እጅግ ርቆ፣ በእንጦጦ ተራሮች ምሥራቃዊ ጫፍ በካራ ተቀምጬ ስለ አንድ መርከበኛ መጻፌ ለአንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ያውም የጠላት መርከበኛ! ነገር ግን ጠላትን በሚገባ ያላወቀ የራሱንም ጀግና በሚገባ አያውቅም ብዬ ስለማምን ታሪኩን ላወጋችሁ ወደድሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ገና በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ የጣሊያን የቀይ ባሕር ጦር መርከቦች መቀመጫ ምጽዋ ነበረች። ጥቅምት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል አራት የጣሊያን የጦር መርከቦች ወደ ስዊዝ በማምራት ላይ በነበሩ፣ እንግሊዞችና አጋሮቻቸው በሚያጅቧቸው 32 የንግድ መርከቦች ላይ አደጋ ለመጣል ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ። ከአራቱ አንዷ፣ «ፍራንቼስኮ ኑሎ» የተባለችው፣ መሪዋ ተበላሽቶ ከጓደኞቿ ተነጠለች፤ ጎሕ ሲቀድም «ኪምበርሊ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ሃርሚል ከተባለው ደሴት አጠገብ ደርሳ መታቻት። ከደሴቱ የተተኮሰ መድፍ «ኪምበርሊ»ንም ስላቆሰላት፣ «ሊያንደር» የተባለችው የኒው ዚላንድ መርከብ እየጎተተች አወጣቻት። «ኑሎ» ግን አልተረፈችም።

አዛዧ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ ሰዎቹ መርከቢቱን ለቀው እንዲወጡ አዝዞ ራሱ እዚያው ቀረ። አገልጋዩ የነበረው ተራ መርከበኛ ቪንቼንዞ ቻራቮሎ ከወጣ በኋላ ዞሮ ቢያይ አለቃው አልተከተለውም። ያን ጊዜ ተመልሶ ወደ መርከቢቱ ገባ። ሁለቱም አብረው ሰጠሙ። አገራቸው ለሁለቱም የጀግንነት የወርቅ ሜዳልያ ሰጠች፤ በአዛዡም ስም የጦር መርከብ ሰየመች።

እኔ ይህን ታማኝነት አልንቅም። ዳሩ ግን ታማኝነት ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ ለማንና ለምን የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። መርከቢቱ የተሰየመችበት ፍራንቼስኮ ኑሎ ጣሊያናዊ ነበር፤ የሞተው ግን በፖላንድ ምድር ነው። ፖላንዳውያን በሩሲያ አገዛዝ ላይ በተነሡ ጊዜ ሊረዳቸው ዘምቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1863 ወደቀ። እንግዲህ ለሌላ ሕዝብ ነፃነት የተሠዋ ሰው ስም፣ የሌላን ሕዝብ ነፃነት በቀማ መንግሥት መርከብ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዕለት፣ ሜይ 5 ቀን 1936 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው የተመለሱትም ሜይ 5 ቀን 1941። ይህ ለእኛ ሚያዝያ 27 ነው።

የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ነበር የመጣው። ዛሬም ከደብረ ብርሃን የሚመጣ መንገደኛ ካራን አልፎ ነው ከተማ የሚገባው። ያ ጦር አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ጫጫ ላይ አደጋ ጣሉበት። እሳቸውም በ1930 ዓ.ም. በውጊያ ወደቁ፤ ደብረ ብርሃን ላይ በስማቸው ትምህርት ቤት አለ። ከጎናቸው ሆነው የተኮሱትስ? ከእነርሱ መካከል «ጌታዬ ካልወጣ አልወጣም» ብሎ ከአለቃው ሬሳ አጠገብ የቀረ አሽከር አልነበረምን? ማን ጻፈው?

እንጀራዬን የማገኘው በባንክ ጸሐፊነት ነው። በእኛ ሙያ አንዱ ወገን ብቻ ተመዝግቦ ሒሳብ አይዘጋም። የቻራቮሎ ስም በመዝገብ ያለው ከእኛ ሰዎች የበለጠ ጀግና ስለነበረ አይደለም፤ ለተራ መርከበኛ የሚጽፍለት ጸሐፊ ስለነበረው ነው። የእኛዎቹ ግን ደማቸው እንጂ ስማቸው አልተመዘገበም። ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ በቤትህ የአንድ አርበኛ ስም፣ የወደቀበት ቦታና ዘመን የሚታወስ ከሆነ፣ ዛሬውኑ በወረቀት ላይ አኑረው።

ባሕር የዋጠው ሰው፣ ስሙ ተጻፈለት፤
ጫካ የበላው ሰው፣ ማን ስሙን ጠራለት?
ብዕር ያነሣ ሰው፣ ዕዳ አለበት ዛሬ፣
ሳይጻፍ እንዳይቀር፣ የአባቶቹ ወሬ።